ሠራተኛዋ የማትሞትበት ፊልም

በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትሞተው ሠራተኛዋ ናት። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቱን አይቻለሁ። ምድር ቤት ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳል። እመቤቲቱ ሶፋዋ ላይ እንደተቀመጠች "ሂጂ እስቲ ምን እንደሆነ እዪ" ትላታለች። ምስኪኗ ሻማዋን ይዛ ትወርዳለች። በቃ፣ አለቀላት። ከዚያ በኋላ ስሟን የሚያነሳ የለም፤ የቤቱ ሰዎች ስለራሳቸው ነፍስ መሯሯጥ ይጀምራሉ።

እኔም ሠራተኛ ነኝ። ዮርዳኖስ አገር፣ አማን ከተማ፣ ዴር ግባር በሚባል ሠፈር፣ ነጭ ድንጋይ በለበሰ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቤቱ ምድር ቤትም ነበረው። ታዲያ "እንዲህ ያለ ፊልም የምትወጂው ምን ነክቶሽ ነው?" የሚሉኝ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው። እንጃ! አንዳንዱ ሰው በርበሬ ሲበዛበት ይወዳል፣ እያለቀሰ ይበላል። የእኔም እንደዚያ ነው።

በትውልድ ከተማዬ ከመናኸሪያው ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረ ቪዲዮ ቤት ነበር። ጨዋ ሴት ልጅ አትገባበትም ይባላል። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ እገባ ነበር። ፊልሙ የሚያወራው እንግሊዝኛ ለማናችንም አይገባንም፤ ስለዚህ ንግግሩን እኛው እንሞላለት ነበር። አንዱ "ኧረ አትክፈቺው!" ይላታል፤ ሌላው ከኋላ "ጠበል ይዘሽ ሂጂ!" ይላታል። ወጥቼ ለሠፈር ልጆች ስተርክላቸው ታሪኩ ከፊልሙ ይረዝም ነበር። እናቴ የደረሰችብኝ ቀን የተናገረችው ዛሬም ያስቀኛል፦ "ሰው ከጋኔን ይሸሻል፤ አንቺ ቲኬት ቆርጠሽ ትገቢያለሽ?"

ይህችው እናቴ ግን ስለ ጋኔን ያላስተማረችኝ የለም። በማላውቀው ድምፅ ስሜ ሲጠራ፣ ሦስት ጊዜ እስኪደገም ድረስ አቤት እንዳልል አስጠንቅቃ ነው ያሳደገችኝ። ጋኔን ሁለቴ ይጠራል እንጂ ሦስተኛው አይሆንለትም ትል ነበር።

ዴር ግባር የገባሁት የአሠሪዬን የማዳምን እናት እንድንከባከብ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ጎረቤቱም፣ ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬም ሳይቀር ተይታ ይሏቸዋል፤ አያትዬ እንደማለት ነው። እኔም ተይታ አልኳቸው። አረብኛ አንቱታ የለውም፤ በልቤ ግን አንድም ቀን አንቺ ብያቸው አላውቅም። ቀጥ ያሉ፣ ጥፍራቸውን በየሳምንቱ የሚቀቡ፣ ቁጡ ሴት ነበሩ። ጠርጌ ስጨርስ ጣታቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፈው አቧራ ይፈትሻሉ። የመጀመሪያውን ወር እንደ ፈራኋቸው ነው የጨረስኩት።

አንድ ቀን ክፍላቸው ውስጥ ልብስ እየተኮስኩ እሳቸው ቴሌቪዥን ያያሉ። በጎን አየት ሳደርግ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ወደ አንድ በር ትሄዳለች። ከበሩ ሥር ውሃ ይፈሳል። እኔን ማን ይያዘኝ! "ላ! ላ! ኧረ አትክፈቺው!" ብዬ አረብኛውንም አማርኛውንም አንድ ላይ ለቀቅኩት። ካውያው የትራሱ ልብስ ላይ ቀርቶ ኖሮ ጭሱ ወጣ።

ተይታ ዞሩ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። የተቃጠለውን ጨርቅ ግን ከነአካቴው አላዩትም። "ያ ቢንቲ፣ አንቺም ትወጃለሽ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱልኝ። ከሻሻቸው ሥር፣ ከሶላት ልብሳቸው ጎን፣ በአስፈሪ ፊልም ሲዲ የተሞላ መሳቢያ ነበር። የተቃጠለውን የትራስ ልብስ እዚያው መሳቢያ ሥር ደበቅነው። ማዳም እስከ ዛሬ ስትፈልገው ትኖራለች።

ሟቹ ባላቸው ገና እጮኛቸው ሳሉ መሃል ከተማ ሲኒማ ወስደዋቸው ነበር አሉ። ሬሳው ከሣጥኑ ብድግ ሲል እጅ ለእጅ ተያያዙ። "እኔ አልፈራሁም" ይሉኝ ነበር ተይታ። "እሱ ነው የያዘኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።"

ከሁሉም በላይ የሚወዱት አንድ ፊልም ነበር። እኛ የወፍጮው ፊልም እንለው ነበር። ድሮ ሲወጣ ሲኒማ ቤቶቹ ያልፈለጉት፣ በኋላ ግን ወዳጆቹ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያኖሩት ፊልም ነው። አንድ አሮጌ ወፍጮ ማንም ሳይነካው ይዞራል፤ ድምፁን የሰማ ሰው ስሙን ይረሳል፤ ስሙን የረሳ ሰው ራሱ እየሄደ ይገባበታል። ተይታ ይህን ሲነግሩኝ እደነግጥ መስሏቸው ነበር። ወፍጮ ቤት ጋኔን እንደማያጣው እኛ አገር ሕፃን ያውቃል ብላቸው በጣም ደስ አላቸው። ከስንት ዘመን በኋላ ሁለተኛው ክፍል ተሠርቶ ነበር። ለዚያ ጸደይ ሲኒማ ይገባል ተብሎ ተይታ ቀን ይቆጥሩ ነበር።

የሚያስቸኩላቸው ነገር ነበረ። ዓይናቸው እየጠበበ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሏል፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ተባለ። እሳቸው "ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ ነው የማየው" ይሉ ነበር። "ቀዳዳዋ ሳትዘጋ ወፍጮውን ልይ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለገች።"

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከተማው በሳይረን ተዘጋ። ሀዝር ነው ተባለ፤ ሰዓት እላፊው በአረብኛ። የዓርብ ዕረፍቴ ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀረ። ማዳምና ባሏ ፎቅ ላይ ከኮምፒውተራቸው ጋር ተቆልፈው ዋሉ። የተይታ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮና የወፍጮው ፊልም በአንድ ሳምንት ውስጥ ተላለፉ። የቀጠሮውን ሲሰሙ "ይቆይ" አሉ። የፊልሙን ሲሰሙ ግን አለቀሱ።

እንባቸውን ጠረግሁላቸው። "ተይታ፣ እስኪመጣ ድረስ የድሮዎቹን እንይ" አልኳቸው። "እርስዎ በቀዳዳዋ የቻሉትን ያህል ይዩ፤ የቀረውን እኔ እነግርዎታለሁ።"

እንዲህ ጀመርን። ከምሳ በኋላ፣ እሳቸው የቀትር ሶላታቸውን ሲጨርሱ፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ እነሱ አባጁር የሚሉትን፣ ዝቅ አድርጌ ክፍሉን አጨልማለሁ። እሳቸው አልጋቸው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ እግራቸው ሥር። በየደቂቃው "ሹ ሳር?" ይሉኛል፤ ምን ሆነ? እኔም እተርካለሁ። አረብኛዬ የወጥ ቤትና የጽዳት አረብኛ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ጋኔኑም ሙታኑም የሚናገሩት ስለ ሽንኩርትና ስለ ሳሙና ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት ነው አረብኛ የለመድኩት። መቃብር፣ እርግማን፣ ነፍስ፣ ጥላ የሚሉትን ቃላት ከሰላምታው እኩል አወቅኋቸው።

ልማድ ሆኖብኝ ደግሞ አስፈሪው ነገር ሊመጣ ሲል አማትባለሁ። "በስመ አብ" የምለው ገና በሩ ሳይከፈት ነው። ተይታ ይህን ደርሰውበት ኖሮ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የእኔን እጅ ይጠባበቁ ነበር። እጄ ግንባሬ ጋ ሲደርስ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ይስቡታል። "አንቺ ባትኖሪ መቼ እንደምፈራ አላውቅም ነበር" አሉኝ አንድ ቀን።

አንድ ነገር ግን እዋሻቸው ነበር። ሠራተኛዋን አልገድላትም። ሻማዋን ይዛ ስትወርድ "አሁን በጓሮ በር ወጣች፣ ሮጠች፣ አመለጠች" እላለሁ። ጩኸቱ ሲሰማ "ይህ ጎረቤቷ ነው" እላለሁ። አንድም ፊልም ውስጥ አልገደልኳትም። ተይታም "አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች" ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እኔ ሞኟ የሸወድኳቸው መስሎኝ ነበር። እነዚያን ፊልሞች እያንዳንዳቸውን ሃያ ጊዜ እንዳዩአቸው እንዴት አላሰብኩም?

ብርዱ ተመልሶ ሲገባ ተይታን ኮሮና ያዛቸው። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ። መጀመሪያ እኔን ሁለት ቀን ጉሮሮዬን ከርከር አድርጎኝ ነበር፤ የግቢውን በር ከፍቼ አትክልት የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ማንም አንቺ ነሽ ያመጣሽው አላለኝም። እኔ ግን ለራሴ እለው ነበር፣ ዕቃ ሳጥብም፣ ስጠርግም። ሆስፒታሉ ሞልቷል ተብሎ የኦክስጅን ሲሊንደር ክፍላቸው ውስጥ ተተከለ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ማዳም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ጀመር። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ከማቀዝቀዣው ጎን ተንበረከክሁ።

የአገሬ ሰው ስለት ሲሳል ጧፍ ይላል፣ ዣንጥላ ይላል፣ መጋረጃ ይላል። እኔ ያኔ ቤተ ክርስቲያኑም ተዘግቶብኝ፣ ከግቢውም መውጣት አልችል፣ ምን እሰጣለሁ? የምወደውን ነዋ። "ድንግል ሆይ፣ እኚህን ሴት አትርፊልኝ እንጂ፣ ሁለተኛ የአጋንንት ፊልም በዓይኔ አላይም" አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ተረፉ። በሁለት ሳምንታቸው ሾርባው ጨው ያንሰዋል ብለው ተቆጡኝ። ወጥ ቤት ሄጄ በደስታ አለቀስኩ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "አባጁሩን ዝቅ አድርጊው" ሲሉኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ራሴን አመመኝ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን "ቢንቲ፣ ሰለቸሁሽ እንዴ?" አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር። ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ወጥ ቤት ምን እንዳልኩ፣ ለማን እንዳልኩ።

ተይታ እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈልገው ያዙት። "ነዝር ነው" አሉ፤ ስለት ማለታቸው ነው። "በእኛም ሃይማኖት ነዝር አይፈርስም። ሀላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ፊልም አይከፈትም።" እውነትም መሳቢያው ተዘጋ። ቀኑን ሬዲዮ ስንሰማ፣ ባቄላ ስንፈለፍል፣ ስለ እናቴና ስለ ጋኔኖቿ ሳወራላቸው እንውላለን። ያ ከሰዓት በኋላ ምን ያህል ይረዝም እንደነበር አልደብቅም፤ ናፈቀኝ።

ሲኒማ ቤቶች በከፊል የተከፈቱ ሰሞን ማዳም ከፎቅ ወርዳ "ማማ፣ የወፍጮው ፊልም ገባ" አለች። እኔ ቀና አላልኩም። ተይታ ባቄላቸውን አስቀምጠው "ቢንቲ፣ ስለቱን ስትሳዪ ምን ብለሽ ነበር? ቃል በቃል ንገሪኝ" አሉኝ።

"በዓይኔ አላይም አልኩ።"

"ጆሮሽንስ ሰጠሻት?"

"ጆሮዬን... አልሰጠኋትም።"

"እንግዲያው ጆሮሽ ያንቺ ነው። አንቺ ዓይንሽን ትሸፍኛለሽ፣ እኔ እነግርሻለሁ። እስከ ዛሬ አንቺ ነገርሽኝ፤ አሁን ተራው የእኔ ነው። የላ፣ ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ።"

"ያያሉ እንዴ ተይታ?"

"ስክሪኑ እኮ የግድግዳ ያህል ነው" አሉ ቆጣ ብለው። ማዳም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ማስክ ሊያደርጉበት ከንፈራቸውን ቀለም ተቀቡ። ቀለሙ ከከንፈራቸው ወጣ ብሎ ስለነበር በሶፍት ጠረግሁላቸው። ስለቸኮሉ መስሎኝ ነበር። ሲኒማው በር ላይ ሙቀታችንን ለኩን፤ በአዳራሹ ውስጥ አሥራ አምስት የማንሞላ ሰዎች ተራርቀን ተቀመጥን። ማዳም ሦስት ረድፍ ከኋላችን ሆነች። መብራቱ ሲጠፋ ሻሼን ፈትቼ ዓይኔ ላይ አሰርኩት።

"ሹ ሳር?" አልኳቸው በሹክሹክታ። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

"አንዲት ልጅ ከአውቶቡስ ወረደች" አሉኝ ጆሮዬ ሥር። "ሻንጣዋ ትንሽ ነው። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ከባሕር ማዶ ነው የመጣችው፤ ወፍጮው ያለበት ቤት ልትሠራ።"

"ሠራተኛ ናት? በሉ እንግዲህ፣ አሁን ትሞታለች።"

"ታገሺ።"

ልጅቱ ቤቱን ጠረገች። መስኮቱን ወለወለች። እመቤቲቱ መጥፎ ሴት አልነበረችም፣ ስሟን ግን ጠይቃት አታውቅም። ተይታ ይህን ሲነግሩኝ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። "ምን መጣ?" አልኩ ክንዳቸውን ጨብጬ።

"ምንም። ሽንኩርት እየላጠች ነው።"

"ሽንኩርት ሲላጥ ምን ያስጮሃቸዋል?"

"ቢላው ትልቅ ነው" አሉኝ። "ሰው ፈሪ ነው፣ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።"

ወፍጮው መዞር ጀመረ፤ ያንን እኔም ሰማሁት፣ ወንበሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በየተራ የቤቱ ሰዎች ስማቸውን ረሱ። በመጨረሻ ወፍጮው ልጅቱን ጠራት። አንዴ ጠራት፤ አቤት አላለችም። ሁለቴ ጠራት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ሦስተኛውን ለመጥራት ሞከረ፣ ድምፁ አልወጣ አለው፤ ቆመ። እኔ ጨለማዬ ውስጥ ሆኜ ተገረምኩ። የእናቴን ምክር ውጭ አገር ያሉ ፊልም ሠሪዎች ከየት አገኙት? ዓለም ጠባብ ናት፣ ጋኔኑም ለካ ያው ነው አልኩ።

"ከዚያ" አሉ ተይታ፣ ድምፃቸው ደክሟል፣ "ለሁሉም ስማቸውን መለሰችላቸው። ሻይ ስታቀርብ በየቀኑ የምትጠራቸው እሷ ስለነበረች የሁሉንም ስም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሁሉም ሲድኑ እመቤቲቱ አለቀሰች፤ 'ያንቺስ ስም ማን ነው?' አለቻት። ነገረቻት። ከዚያ ፓስፖርቷን ከመሳቢያው አውጥታ፣ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣች። ማንም አልተከተላትም። አገሯ ገባች።"

ይህን ሲሉኝ ከፊታችን የሆነ ሰው ይጮህ ነበር። እኔ ሻሼ በእንባ ረጥቦ ነበር። ተይታ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዓመቱ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ተይታ በእንቅልፋቸው አረፉ። ማዳም ከአልጋቸው አጠገብ እኔን ጠርታ አብረን አለቀስን። ከዚያ ያ ቤት አላስቀምጥ አለኝ። ኮንትራቴ ሲያልቅ እዚያው አማን፣ ጀበል አል-ሁሴን የሚባል ሠፈር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ክፍል ተከራይቼ በቀን ጽዳት እሠራ ጀመር። ለንስሐ አባቴ በስልክ የስለቴን ነገር ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። "ድንግል ማርያም ፊልምሽን ምን ታድርገው ብለሽ ነው የሰጠሻት? ጧፍ አስገቢና ቀኖናሽን ፈጽሚ፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ። ጧፉንም ቀኖናውንም አደረስኩ።

በአንድ ዓርብ ቀትር፣ ከታች ገበያው እየጮኸ፣ መጋረጃውን ዘግቼ የወፍጮውን ፊልም ሁለተኛ ክፍል በስልኬ ከፈትኩ። አረንጓዴ ቀሚሷን አንድ ጊዜ በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ሁለት ወጣት ባልና ሚስት በመኪና መጡ። ውሻ ነበራቸው። አውቶቡሱ ኋላ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ውሻው ሞተ። ባልየው ሞተ። ሚስቲቱ ስሟን ረሳችና እየሄደች ገባችበት። ሠራተኛዋ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር እስኪያልቅ ጠበቅኋት። በፊልሙ ውስጥ ሠራተኛ የሚባል ሰው የለም።

ለማዳም ደወልኩ። ገና ስጀምርላት ገባት። "ማማ ከኮሮናው ስትነሳ ምንም አታይም ነበር" አለችኝ። "ሐኪሙ ቀዳዳዋ ተዘግታለች ብሎናል። አንቺ እንዳትሰሚ አስማለችን። 'ልጅቱ ብትሰማ ስለቷ ያልሠመረ ይመስላታል' አለች። እኔ ታዲያ ሲኒማ ምን ታደርጊያለሽ ስላት፣ 'የምትወደውን ለእኔ ብላ ሰጠች፤ አንዱን ፊልም እንኳ ልመልስላት' አለችኝ።"

እነዚያን ወራት ሁሉ ምግባቸውን አቀርብ፣ ፀጉራቸውን አበጥር የነበርኩት እኔ ነኝ። ቤቱን በእጃቸው ያውቁት ስለነበር፣ አሁንም ጣታቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ እያሳረፉ አቧራ ስለሚፈትሹ፣ ያያሉ ብዬ ነበር። ዓይን እያለኝ አላየሁም።

ስልኩን ዘግቼ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ፊልሙን እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩትና ሻሼን ዓይኔ ላይ አሰርኩ። መኪናው ሲቆም ሰማሁ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ልጅቱ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትንሽዬ ሻንጣዋን ይዛ፣ ከአውቶቡሱ ወረደች።